ለሚያነብ ልጅ የሚሆን ስፍራ
(የአንድ ቀን ጉብኝት በአዲስ አበባ)

ከሌላ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ገበያው ወዴት ነው፣ ሐኪም ቤቱ ወዴት ነው፣ ጉዳዬን የሚፈጽምልኝ መሥሪያ ቤት ወዴት ነው ይላል። ይህን መጠየቁ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ሰው ከቀዬው የሚወጣው ችግሩ ሲያወጣው ነውና። ነገር ግን ልጆች የሚያሳድግ አባት ወይም የምታሳድግ እናት አንድ አራተኛ ጥያቄ ሊጨምሩ ይገባቸዋል እንላለን፤ ይኸውም «በዚህ ከተማ መጽሐፍ ወዴት ይገኛል?» የሚለው ነው። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጃችንን አስከትለን፣ በመንፈቀ ዓመቱ የዕረፍት ሳምንት ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ወርደን ነበር። በዚያ ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ወደዚህ ጉዞ ያነሣሣን ምክንያት ለወላጆች ሁሉ የተሰወረ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4። በመምህርነት ለምንኖር ሰዎች ይህ ቍጥር በወረቀት ላይ የተጻፈ አኃዝ ብቻ አይደለም፤ በየፊታችን የሚቀመጡ፣ ስማቸውን እየጠራን የምናውቃቸው ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው። የመጽሐፍ ማነስ አለ፣ የመምህራን ዝግጅት አለ፣ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተከማቸ ጉድለት አለ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ብዙ ጊዜ ስለማይነሣው ስለ አንደኛው ምክንያት ነው፤ እርሱንም ያገኘነው በመንገዳችን ላይ ነው።

ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥተን፣ ጧት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ላምበረት መናኸሪያ ደረስን፤ ከዚያም በታክሲ ወደ መገናኛ ሄድን። መገናኛ ስሙ እንደሚያመለክተው ብዙ መንገዶች የሚጋጠሙበት ስፍራ ነው። የታክሲ ረዳቶች «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!»፣ «ቦሌ! ቦሌ!»፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ይጣራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ የሆነ የአጠራር ስልት ስላለው፣ በዜማ ቤት ያደገ ጆሮ ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፈውም። በቀጥታ ወደ አራት ኪሎ የሚያደርስ ታክሲ በፊታችን ቆሞ ነበር፤ ልጃችን ግን «አባዬ፣ ባቡሩን ሳላይ አልመለስም» ብላ ስለ ለመነችን ወደ ባቡሩ ጣቢያ አመራን።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራውን የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። አንደኛው መሥመር ከሰሜን ወደ ደቡብ እስከ ቃሊቲ፣ ሁለተኛው መሥመር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋ ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። መሥመሮቹ በመስቀል አደባባይ አካባቢ ይገናኙና እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ሄደው እንደ ገና ይለያያሉ። ሥራውን የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ከገንዘቡም የሚበዛው ከቻይና ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው ከበላዩ በተዘረጋው ሽቦ በሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኀይል ስለ ሆነ ጢስ አያወጣም።

ትኬት ቈርጠን ስንገባ መቀመጫው ሁሉ ተይዞ ነበር። አንድ ወጣት ወዲያው ተነሥቶ በአጠገባችን ለቆሙት አሮጊት «እማማ፣ ይቀመጡ» ሲል ስፍራውን ለቀቀላቸው፤ እርሳቸውም መርቀውት ተቀመጡ። ያው ወጣት ቆሞ በአንድ እጁ የባቡሩን መያዣ ጨብጦ፣ በሌላው እጁ አራት ጊዜ የታጠፈ የማስታወሻ ወረቀት ይዞ ያነብ ጀመር። ሃያ ሁለትን አልፈን በቅዱስ ዑራኤል አጠገብ ስንደርስ ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎች አማተቡ፤ እርሱም በወረቀቱ ጫፍ አማትቦ ንባቡን ቀጠለ። ልጃችን ይህን አይታ በዝግታ «ፈተና አለበት መሰለኝ» አለችን።

ስለ ባቡሩ ሌላም የሚነገር ነገር አለ። ሥራ በጀመረበት ጊዜ 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ምክንያት ከሥራ ውጭ ሆነው ቆመዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል እንደ ተባለው ሁሉ፣ አንድን ነገር መመሥረት የአንድ ቀን ደስታ ሲሆን፣ መጠበቅ ግን የየቀኑ ሥራ ነው። ይህን ቃል አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለንና።

በመስቀል አደባባይ ወርደን በከተማ አውቶቡስ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ ተጓዝን። መንገዱ በአፍሪካ አዳራሽ ፊት ያልፋል፤ ይህም አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ያቆሙበት ነው። ከዚያ አልፎ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ሄዶ፣ የድሉ መታሰቢያ ሐውልት ከቆመበት ከአራት ኪሎ አደባባይ ያደርሳል። የፓርላማው ሕንፃ በዚያ ነው፤ ከፓርላማው ፊት ለፊትም የምንፈልገው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ስሙ «አብርሆት» ይባላል። በግዕዝ ቋንቋ «በርሀ» ማለት በራ ማለት ነው፤ «አብርሀ» ደግሞ አበራ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ «አብርሆት» ማብራት፣ ብርሃንን ለሌላ መስጠት ይሆናል። ለቤተ መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል። የተመረቀው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። በከተማይቱ ለሕዝብ የተከፈተ የመጀመሪያው የንባብ ቤት ግን እርሱ አይደለም፤ አስቀድሞ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። ይህን የቆየውን ቤት ሕዝቡ «ወመዘክር» ብሎ ይጠራዋል። የሙሉው ስም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበርና፣ ሰው አሳጥሮ ሲጠራው መጻሕፍቱን ትቶ ከ«ወ» ጀምሮ ያለውን ያዘ። «ወ» በግዕዝ «እና» ማለት ስለ ሆነ፣ ከተማው ሁሉ አንድን ትልቅ ቤት «እናመታሰቢያ» ብሎ እንደ ጠራው ይቈጠራል። ልጃችን ይህን በነገርናት ጊዜ በመንገድ ላይ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

በበሩ ተፈትሸን ወደ ውስጥ ገባን። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገና መሆኑ ነበር፤ ሆኖም ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን ለማግኘት በብዙ ረድፎች መካከል መዞር ነበረብን። ከባለ ብዙ ፎቁ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ወጣት ተሰብስቦ እንዲህ ያለ ጸጥታ መኖሩ አስደነቀን። የሚሰማው የወረቀት መገለጥና አልፎ አልፎ የወንበር መንቀሳቀስ ብቻ ነበር።

ተቀምጠን ዙሪያችንን በተመለከትን ጊዜ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። በአጠገባችን ከነበሩት አንባቢዎች ከመደርደሪያ የወረደ መጽሐፍ የያዙት ጥቂቶች ነበሩ። የሚበዙት ከቤታቸው ያመጡትን ደብተር፣ የትምህርት ቤታቸውን መማሪያ መጽሐፍ ወይም የተባዛ ወረቀት ገልጠው ያነቡ ነበር። መደርደሪያዎቹ በመጻሕፍት ተሞልተው ቆመዋል፤ ልጆቹ ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው የራሳቸውን ወረቀት ያጠናሉ። እኛ መጽሐፍ ፍለጋ መጥተን ስለ ነበር ነገሩ እንቈቅልሽ ሆነብን፤ ስለዚህ ለውኃ ወደ ውጭ በወጣን ጊዜ፣ በአጠገባችን ተቀምጦ የነበረውን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጠየቅነው።

«ልጄ፣ ደብተርህን ለማንበብ ይህን ያህል መንገድ ለምን መጣህ? በቤትህ አይነበብም?» አልነው።

እርሱም በትሕትና እንዲህ ሲል መለሰልን፤ «ጋሼ፣ መጽሐፉስ በስልኬም አለ። ያጣሁት መቀመጫውን ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኑ እዚያው፣ እንግዳውም እዚያው፣ እኔም እዚያው።»

ይህ መልስ ይዘነው ለመጣነው ጥያቄ ያልጠበቅነው ፍች ሆነልን። ተመልሰን ገብተን፣ ልጃችን የሒሳብ ደብተርዋን፣ እኛም አንድ የታሪክ መጽሐፍ ይዘን እስከ 6 ሰዓት ተኩል አነበብን። ለምሳ በወጣን ጊዜ «እንዴት አገኘሽው?» ብለን ጠየቅናት። ስለ ሕንፃው ውበት ወይም ስለ መጻሕፍቱ ብዛት ትነግረናለች ብለን እንጠብቅ ነበር። እርስዋ ግን ጥቂት አሰበችና «አባዬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ማንም አልጠራኝም» አለችን።

የቤተ ሰብ እናቶችና አባቶች ይህን ቃል እንዲያስቡበት እንለምናቸዋለን። በብዙ ቤት ልጅ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ሥራ የፈታ ይመስላል። «ውኃውን ቅጂ፣ ቡናውን ቍይ፣ ከሱቅ ጨው ይዘሽ ነይ፣ እንግዳ መጥቷልና ተነሺ» ይባላል፤ ይህም ከወንዱ ልጅ ይልቅ በሴቷ ልጅ ላይ ይበዛል። እያንዳንዱ መላክ ትንሽ ነው፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ነገር ግን ከሒሳብ ጥያቄ መካከል የተነሣ ሐሳብ በአምስት ደቂቃ አይመለስም። ክሩ የተበጠሰበት ሸማኔ እንደ ገና ለመቀጠል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ይህን ስንል የቤት ሥራ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ልጅ ወላጁን መርዳቱ የተገባ ነው። የምንለው ሥራውም ንባቡም ለየራሱ ሰዓት ይኑረው ነው።

የቀድሞ አባቶቻችን ይህን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው መምህር ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ከቤት ጥሪ ለመራቅም ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ በሚቈጥርበት ሰዓት ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ሥር ወይም በጥግ ብቻውን ይቀመጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚያናግረው የለም፤ መምህሩም ሐሳቡን አይቈርጡበትም። መብራትና ወንበር ያልነበረው ያ ተማሪ ጸጥታና ሰዓት ግን ነበረው። የዛሬው ልጅ መብራትም፣ ስልክም፣ የታተመ መጽሐፍም ሊኖረው ይችላል፤ ያጣው ያንን ጸጥታ ነው። ስለዚህ በአብርሆት ያየናቸው ወጣቶች አዲስ ልማድ ያመጡ አይደሉም፤ የቀድሞውን ጥግ በከተማ መካከል የሚፈልጉ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግራችን ወጣን። በመንገዱ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ አፅም የምትጠበቀው በዚያ ነው። በስድስት ኪሎ አደባባይ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ ለተገደሉት ሰማዕታት የቆመውን ሐውልት ተሳልመን፣ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባን።

የዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በተከፈተ ጊዜ የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲመሠረት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይኖሩበት የነበረው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ፤ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከዘውዱ መውረድ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ነው። በግቢው ውስጥ በጠላት ወረራ ጊዜ ኢጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት መንግሥት አንድ ዓመት ይታሰብበት ዘንድ የተሠራ ነበር። ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ወጣቶቹ ዛሬ ከሥሩ ባለው ሣር ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ።

በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም በዚያው እንደ ነበረ ለጐብኚ ይታያል። ተቋሙ የብራና መጻሕፍትንና ስለ አገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉትን ሁሉ ሰብስቦ ይጠብቃል። ልጃችን መኝታ ክፍሉን አይታ «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነበረ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «ነበረ፤ አሁን ግን በዚሁ ግቢ ስንት ሺህ ሰው ይማርበታል» ብለን መለስንላት። አንድ ቤት ለሌላ ሥራ ሊሰጥ እንደሚችል፣ በሩንም የሚያሰፋው ግንቡ ሳይሆን የሰጪው ፈቃድ እንደ ሆነ በዚያ ቆመን አሰብን።

ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ከጎጃም የመጣች አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አግኝተን ተዋወቅናት። ልጃችን ለፈተናው እንዴት እንደ ተዘጋጀች ጠየቀቻት። እርስዋም እንዲህ አለቻት፤ «እኅቴ፣ በቤታችን ማጥናት አልሆነልኝም ነበር። የትምህርት ቤታችን አንድ መምህር ግን የአንድ ክፍል ቍልፍ ለአባቴ ሰጡት። ሁልጊዜ ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሰባት ሆነን እናነብ ነበር፤ አባቶቻችን በየተራ በበሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁንና ወደየቤታችን ያደርሱን ነበር። ሌላ የተለየ ነገር አልነበረንም።» ከሰባቱ ስንቱ እንዳለፉ ጠየቅናት፤ «አራታችን» አለችን።

ሲመሽ ወደ አራት ኪሎ ወረድን። ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለ ነበረ፣ የታክሲው ሰልፍ እንደ ገመድ ረዝሞ በመንገዱ ዳር ተዘርግቶ አገኘነው። ማንም አይጋፋም፤ የቀደመው ይቀድማል፣ የዘገየው ይጠብቃል። ከፊታችን ከቆሙት መካከል ሁለት ልጃገረዶች ከአንድ ደብተር እየተጠያየቁ ያጠኑ ነበር። ከተማው በአንድ በኩል ይህን ያህል ይቸግራቸዋል፤ በሌላ በኩል ግን መንገድና መቀመጫ ባገኙበት ሁሉ ንባባቸውን አይተዉም። ያቺን ሌሊት በዘመድ ቤት አድረን በማግሥቱ ተመለስን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የነገርናችሁ የአዲስ አበባን ሕንፃዎች ለማወደስ አይደለም። ያን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት በየከተማችን እስኪሠራ ድረስ ከጠበቅን፣ ዛሬ 12ኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችን አርጅተው ይደርሱበታል። ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ቤት ይፈልጉት የነበረው ዕብነ በረድ አልነበረም፤ መቀመጫ፣ ብርሃንና ጸጥታ ነበር። ይህም በመጠነኛ ገንዘብ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ለወላጆች ሦስት ነገር እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ በየቤታችን የንባብ ሰዓት ይወሰን። አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ቢሆን፣ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ልጅም አይጠራ። እንግዳ ቢመጣ ቡናውን አባት ራሱ ቢያቀርብ ክብሩ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ ቤታቸው ጠባብ የሆነባቸው ጎረቤቶች ይመካከሩ። በየሰፈሩ ማታ ተዘግቶ የሚያድር የትምህርት ቤት ክፍል፣ የቀበሌ አዳራሽ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አይጠፋም። ባለቤቶቹን ጠይቆ፣ አንድ አምፖል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ ቍልፍ ማግኘት ከአቅም በላይ አይደለም። ሴቶች ልጆች ደግሞ በሰላም ሄደው በሰላም እንዲመለሱ፣ ወላጆች በየተራ ይጠብቋቸው፤ መንገዱ ካላስተማመነ ስፍራው ብቻውን ለእነርሱ አይጠቅምምና።

ሦስተኛ፣ ቍልፉ ጠባቂ ይኑረው። ቀደም ብለን ስለ ባቡሮቹ የተናገርነውን አንባቢያችን ያስታውሳል። ብዙ መልካም ሥራ በምረቃው ቀን ሞልቶ ታይቶ በሦስተኛው ወር የሚዘጋው፣ የተቃጠለውን አምፖል የሚለውጥ፣ የተሰበረውን ወንበር የሚያስጠግን አንድ ኀላፊ ስለሚታጣ ነው። ከሥራው መጀመሪያ አስቀድሞ ጠባቂው ይሰየም፤ ተራውም በወረቀት ይጻፍ።

ፈተናውን የሚያልፉት ልጆች ቍጥር በአንድ ዓመት ከፍ ይላል ብለን ተስፋ በመስጠት አንባቢን አናታልልም። ከሰባቱ አራት ማለፋቸው ግን በትንሽ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ በእኛም ሰፈር ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ለመግዛት የሚያንሰው አባት፣ ቤት ለማስፋት የማይችለው አባት፣ ልጁን ሳይጠራ አንድ ሰዓት መቆየት ግን ይቻለዋል።